ቀለም ያልነካው ጥጥ

አልታየች ዘርአ ዳዊት በሕይወቷ የምትፈራው ነገር ብዙ አልነበረም። አባቷ ቄስ ዘርአ ዳዊት ከጎረቤላ በታች፣ የአንኮበር ቁልቁለት ወደ ቆላው መውረድ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ባለች ደብር ያገለግሉ ስለ ነበር፣ ገና በልጅነቷ በጭጋግ ውስጥ በገደል አፋፍ መሄድን ለምዳለች። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ደብረ ብርሃን መጥታ የሱፍ ክር በሚፈተልበት ፋብሪካ ተቀጠረች፤ ጡረታ እስክትወጣም ድረስ በማሽን ፊት ቆማ ኖረች። የከተማውን ብርድ አልፈራችም፤ የማሽኑን ጩኸት አልፈራችም፤ አለቃ ሲቆጣም አንገቷን አትደፋም ነበር። ጫጫ ላይ ከአውራ ጎዳናው ዳር እህል የሚነግደው ባለቤቷ ወልደ ሰንበት፣ «የእኔ ሚስት መብረቅ ቢወርድባት እንኳ ማንን ፈልገህ ነው ብላ ትጠይቀዋለች» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ይህች ሴት ናት ባለፈው ዓመት በገዛ ቤቷ፣ በሚወዷት ሰዎች መካከል ተቀምጣ፣ ሞቷን እየጠበቀች በፍርሀት የተንቀጠቀጠችው። ነገሩ የተጀመረው በአንድ ልብስ ምርጫ ስለ ሆነ ከዚያው መነሣት ይገባል።

ከጡረታ በኋላ ወገቧ ከዳት። ጠዋት ከአልጋ ለመነሣት ግድግዳ መደገፍ ጀመረች፤ በቤተ ክርስቲያንም ምእመኑ ሁሉ ሲሰግድ እርሷ ዐምድ ተደግፋ ትቆም ነበር። ይህ ስላሳፈራት አንድ ቀን ለማንም ሳትናገር ሆስፒታል ሄደች። ሐኪሙ የራጁን ምስል ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ተመለከተና፣ የጀርባ አጥንቷ መጋጠሚያዎች ለረጅም ዘመን ቆሞ በመሥራት መጎዳታቸውን፣ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር ግን አለመኖሩን ነገራት። «መድኀኒቱ እንቅስቃሴ ነው፤ ጊዜ አይስጡት» ብሎም ሣራ ወደምትባል ባለሙያ ላካት። ሣራ ወገባቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ዮጋ የሚባለውን የመተንፈስና ሰውነትን የማፍታታት ልምምድ የምታስተምር ወጣት ናት። ሐኪሙ ሲሸኛት «ቤትዎ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቃት፤ እርሷም «ባለቤቴ አለ» ብላ ወጣች።

ያን ዕለት ወልደ ሰንበት ከጫጫ ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር።

«ሆስፒታል በር ላይ አይተውሻል አሉ፤ ምን ሆነሽ ነው?»

«ወገቤ ነው።»

«ምን አሉሽ?»

«ይሻልሻል አሉኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ይሉኛል? ይልቅ ብላ፣ ወጡ ቀዘቀዘ።»

ስለ ዮጋው ምንም አልተነፈሰችም። ወልደ ሰንበት ከጥቂት ቀናት በፊት በጠባሴ ሰፈር በኩል፣ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ሱሪ ለብሰው በአስፋልቱ የሚሮጡ ሴቶች አይቶ ኖሮ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ የእኔይቱ ገና ልብስ ትለብሳለች» ብሎ ሲስቅ ሰምታዋለች። ከሳቁ ለማምለጥ ስትል እውነቱን ለሁለት ከፍላ ግማሹን አስቀረች። እንዲህ ያለው ትንሽ ዝምታ ከትልቅ ውሸት ይልቅ አደገኛ ነው፤ የሚጠረጥረው የለምና።

በመጀመሪያው የልምምድ ቀን አልታየች ረጅም ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። ሣራ ሴቶቹን በጀርባቸው አስተኝታ እግራቸውን ወደ ግድግዳው እንዲያነሡ ስታዛቸው፣ ከአዳራሹ ጥግ የአልታየች ድምፅ ተሰማ።

«ኧረ ጉድ! ቀሚሱ ፊቴ ላይ ወረደ! ማነው መብራት ያጠፋብኝ?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሣራ መጥታ ቀሚሱን ከፊቷ ገለጠችላት።

«እትዬ አልታየች፣ ሱሪ ቢለብሱ ይሻላል።»

«እኔ ሱሪ? የቄስ ልጅ እኮ ነኝ።»

«የቄስ ልጅ ወገብ ታዲያ ተጣጥፎ መቅረት አለበት?»

ከልምምዱ በኋላ ሣራ ሴቶቹን ሰብስባ ስለ ልብስ ነገረቻቸው። ላብ የሚመጥና አየር የሚያስገባ ጨርቅ እንዲመርጡ፣ ከተቻለም ጨርቁ ከምን እንደ ተሠራና ካረጀ በኋላ የት እንደሚወድቅ እንዲያስቡ መከረቻቸው። በየሱቁ የሚሸጠው የሚለጠጥ ልብስ አብዛኛው ከፕላስቲክ ዘር እንደ ሆነ፣ በታጠበ ቁጥርም በዐይን የማይታይ ብናኝ ክር እየረገፈ ከእጣቢው ጋር ወንዝ እንደሚገባ አስረዳቻቸው። አልታየች ይህን ስትሰማ በሬሳ የሚባለው የከተማው ወንዝ ታወሳት። ከወጣትነቷ ጀምሮ ልብስ ያጠበችበት ወንዝ ነው፤ ከርሷ ዝቅ ብሎ ከብት ይጠጣበታል፤ ከከብቱ ዝቅ ብሎ አትክልት ይጠጣበታል። በዐይን የማይታይ ነገር እንዴት ተለቅሞ ይወጣል? ይህ ሐሳብ ጭንቅ አሳደረባት።

ያም ሆኖ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሱቅ ነበር። ሻጩ አንድ ጥቁር ታይት በሁለት እጁ እየለጠጠ አሳያት።

«እናቴ፣ ይሄ አይቀደድም፣ አይጨማደድም! ዕድሜ ልክ አያልቅም!»

«ከእኔ በኋላም ይኖራል በለኛ።»

«የልጅ ልጅዎ ትለብሰዋለች!»

ገዝታው ወደ ቤት ተመለሰች፤ ነገር ግን ሻጩ ያሞገሰበት ቃል ራሱ አስፈራት። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዛ በጧፍ እሳት ብታስነካው፣ ክሩ ተኮማትሮ እንደ ሬንጅ ጠብታ ጠቆረና ጠጠር ሆነ። በደብረ ብርሃን ብርድ ከከሰል ምድጃ ርቆ የሚቀመጥ ሰው የለም። አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ብታርፍበት ይህ ልብስ ገላ ላይ እንደሚቀልጥ ስታስብ ቆዳዋ ተሸማቀቀ። በማግስቱ ታይቱን መለሰች። ሱፍን እንዳታስብ ሱፍ ለብርድ እንጂ ለላብ እንደማይሆናት ታውቃለች። ባለቀለም ጥጥ እንዳትገዛ ቀለሙ መጀመሪያ በታጠበ ቀን ወንዝ እንደሚወርድ ታውቃለች። ስለዚህ ቀለም ያልነካው፣ ናይለን ያልገባበት የእጅ ሸማ ለመግዛት ወሰነች፤ ይህን ለመሰለው ሸማ ደግሞ ከአልዩ አምባ የሚሻል ቦታ አላወቀችም።

አፊፋ በአልዩ አምባ ገበያ ባሏ ታጁ የሚሸምነውን ሸማ የምትሸጥ ነጋዴ ናት። ከአልታየች ጋር የሚተዋወቁት ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ሲሆን፣ በዋጋ ሲከራከሩ የሰማቸው ሰው የተጣሉ ይመስለው ነበር።

«እንደምን ከረምሽ እትዬ! ምን ላውርድልሽ? ጥለቱ አረንጓዴ አለ፣ ቀይ አለ፣ ለልጅሽ ለፀደንያ ሠርግ የሚሆን ወርቃማም አለ።»

«ጥለት አልፈልግም።»

«ትንሽዬ ጥለትስ?»

«ምንም ቀለም የሌለበት ስጪኝ። ንጹሕ ጥጥ ይሁን፤ ዳር እስከ ዳር ነጭ።»

የአፊፋ እጅ ጨርቁ ላይ እንዳለ ቆመ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ለማን ነው?»

«ለራሴ ነዋ።»

«ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ነበር እንዴ እትዬ?»

«ሄጃለሁ። ጊዜ አትስጪው ብሎኛል።»

«ያ ረቢ» አለች አፊፋ፤ ፊቷንም ወደ ሸማው ክምር አዞረች።

አፊፋ ምን እንደ ተረዳች መግለጽ ያስፈልጋል። በዚያ አካባቢ አንዳንድ አረጋውያንና ሕመም የጸናባቸው ሰዎች መገነዣቸውን በቁማቸው ገዝተው በሣጥን ያስቀምጣሉ። ክርስቲያኑም መገነዣ፣ ሙስሊሙም ከፈን ይበለው እንጂ ጨርቁ አንድ ነው፤ ነጭ፣ ቀለም የሌለው፣ ጥለት የሌለው ጥጥ። ለራሱ እንዲህ ያለውን ጨርቅ የጠየቀ ሰው ምን እንደሚያስብ በገበያው የሚጠይቅ የለም። አልታየችም ይህን ልማድ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ነገር ግን አሳቧ ሁሉ በወንዙና በወገቧ ላይ ስለ ነበር ልማዱ በዚያች ሰዓት አልታወሳትም።

አፊፋ ዋጋ አልጠራችም። አልታየች ለክርክር ተዘጋጅታ የመጀመሪያውን ዝቅተኛ ዋጋ ብትናገር፣ «የሰጠሽኝን እቀበላለሁ፤ በዚህ ዓይነት ጨርቅ ላይ አልከራከርም» አለቻት። ይባስ ብላ ከተለካው አስረዝማ ቀደደችላት።

«ምን ነካሽ ዛሬ? ታመሻል?»

«አፉ በይኝ እትዬ። በገበያ ስንጨቃጨቅ ያስቀየምሁሽ ነገር ካለ አፉ በይኝ።»

«ጤናም የለሽ! አፉ ብዬሻለሁ። ደግሞ ወልደ ሰንበት ማሽላ ሊገዛ ሲመጣ ይህን ገዝታለች ብለሽ እንዳትነግሪብኝ።»

አፊፋ «እሺ» አለች። ቃሏን መጠበቅ ግን አልቻለችም፤ ሰው ብቻውን ሊሞት ነው ብሎ ላመነ ሰው ምስጢር መጠበቅ ከባድ ነው። ጥቂት ሰዓት ታግሣ ስልኳን አንሥታ ወደ ጫጫ ደወለች።

«ጋሼ ወልደ ሰንበት፣ እኔ ነገርሁህ እንዳትል። እትዬ መገነዣዋን ገዝታ ሄደች።»

«የማንን?»

«የራሷን። ሐኪሙ ጊዜ የለሽም ብሏታል መሰለኝ።»

ወልደ ሰንበት መደብሩን ለጎረቤት አደራ ብሎ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ተሳፈረ። አልታየች ከገበያ ደክሟት መጥታ ከጎረቤት ዘንድ ተቀምጣ ስለ ነበር ቤቱ ባዶ ነው። ሣጥኑን ከፈተ። ጨርቁ ከነጠላዎቹ ሥር ተጣጥፎ ተቀምጧል። ዳር ዳሩን በጣቱ እየዳሰሰ ቀለም ፈለገ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዲት ባለቀለም ክር አላገኘም። ከዚያም ጨርቁን እንደ ነበረው አድርጎ አጥፎ መለሰው።

ለምን አልጠየቃትም? እናቱ ሲያርፉ የሆነውን ስለማይረሳ ነው። ልጆቹ ሐኪሙ የነገራቸውን ከእናታቸው ደብቀው ሲስቁላቸው ከረሙ፤ እናታቸውም ማወቃቸውን ከልጆቻቸው ደብቀው ሲስቁላቸው ከረሙ። እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ዝምታን የፍቅር ግዴታ አድርጎ ይቆጥረዋል። አልታየች ካልነገረችው ልትነግረው ስላልወደደች ነው፤ ይህንንም ማክበር አለበት። እንዲህ አሰበና ፍርሀቱን ዋጠው። የተዋጠ ፍርሀት ግን በፊት ላይ ይወጣል።

ደነባ ላይ የምታስተምረው ልጃቸው ፀደንያ በድንገት መጣች።

«ትምህርት ተዘጋ እንዴ?» አለቻት አልታየች።

«አይ፣ ትንሽ ፈቃድ ጠይቄ ነው እማዬ።»

«በፈተና ሰሞን?»

ፀደንያ የታጠበውን ሳሕን ደግማ ታጥብ ጀመር። ቀጥለው የነፍስ አባቷ አባ ገብረመንፈስቅዱስ ጠበል ይዘው መጡ፤ ሳይጠሩ መጥተው አያውቁም ነበር።

«ልጄ፣ ልብሽን የሚከብደው ነገር አለ?»

«ምነው አባ? ኑዛዜ የሰጠሁት በቅርቡ አይደል?»

«ነው፤ ነው። ቢሆንም ሰው ያስቀረው ነገር አይጠፋም።»

እጃቸውን በራሷ ላይ ጭነው ከወትሮው ይልቅ ረጅም ጸሎት ጸለዩ። አልታየች በጸሎቱ መካከል ዐይኗን ገለጥ ብታደርግ፣ ባሏና ልጇ በሩ ሥር ቆመው አንገታቸውን ደፍተዋል። ፈጥና ዐይኗን መልሳ ጨፈነች።

በማግስቱ ምሳ ሲበሉ ወልደ ሰንበት የቀረበለትን ሁሉ ፈጥኖ በላ።

«ወጡ እንዴት ነው?» አለችው።

«እጅሽ ይባረክ። እንዲህ ያለ ወጥ ከበላሁ ቆይቻለሁ።»

አልታየች ቀመሰችው። ጨው ነበር፤ ምላስ የሚልጥ ጨው። በአሳብ ተይዛ ሁለት ጊዜ ጨምራበት ኖሯል። ይህ ሰው በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ጨው ሲበዛ «ባሕር ልትከፍቺ ነው?» ሲያንስ ደግሞ «ከቆላው ጨው ነጋዴ ጋር ተጣላሽ?» ሳይላት ያለፈበት ቀን የለም። አሁን ግን እየዋጠ ይስቅላታል። ጉርሻው በእጇ እንዳለ ቀረ። ያንን ሳቅ ታውቀዋለች። የሥራ ባልደረባዋ በማይድን ሕመም ተይዛ በተኛች ጊዜ፣ አልታየች ራሷ የታማሚዋ ቤተ ሰቦች የነገሯትን እያወቀች፣ «ትድኛለሽ፤ ምንም አልሆንሽም» እያለች ያንኑ ሳቅ ስቃላት ነበር።

በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ሲሸኛት «ቤትዎ ሰው አለ?» ያላት ቃል ትዝ አላት። ለምን ጠየቀ? በእኛ አገር ከባድ በሽታ ለታማሚው አይነገርም፤ ለሰው ይነገራል። እንግዲህ ሐኪሙ ወልደ ሰንበትን ጠርቶ ነግሮታል፤ ለእርሷ የነገራት የወገብ ወሬ ማባበያ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የምታየው ሁሉ ምስክር ሆነባት። የባልዲ ውኃ ከእጇ ሲቀበሏት ፈራች፤ ፀደንያ ስታቅፋት ቆየት ስትል ፈራች፤ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሴቶቹ ጉንጯን ደጋግመው ሲስሟት ፈራች። ብቻዋን ስትሆን ሆዷን፣ ብብቷን፣ አንገቷን እየዳሰሰች እብጠት ትፈልግ ጀመር። ትንፋሿን አድምጣ፣ ያጠረ ሲመስላት እግሯ ይቀዘቅዛል። አፏን ከፍታ ለመጠየቅ ተነሥታ፣ «አዎ» የሚለውን መልስ ስለ ፈራች፣ መልሳ ትቀመጣለች።

ጨርቁን ግን ሰፋችው፤ ሥራ ስትፈታ አሳቧ ወደ ሞት ይሄድባት ስለ ነበር ነው። በገመድ የሚታሰር ሰፊ ሱሪና እስከ ጉልበት የሚደርስ እጅጌ ሰፊ ሸሚዝ አደረገችው። ሰው ሲመጣ ከትራስ ሥር ትደብቀዋለች። ወደ ሣራ በሄደች ጊዜ ለብሳው ብታሳያት ሣራ ደስ ብሏት አጨበጨበች፤ አልታየች ግን ወደ ጥግ ሳበቻት።

«ልጄ፣ በሞቴ አትዋሺኝ። ሐኪሙ ስለ እኔ የነገረሽ ነገር አለ?»

«ስለ ወገብዎ ብቻ ነው እትዬ። ሌላ ምን ይነግረኛል?»

«ፈጥነሽ መለስሽልኝ።»

«ታዲያ ዘግይቼ ልመልስ?»

አልታየች አላመነቻትም። የፈራ ሰው መልስ ሲዘገይ ተደበቀብኝ ይላል፤ ሲፈጥን ደግሞ ተዘጋጅቶበት ነበር ይላል። ሣራ ግን ፍርሀቷን አይታ፣ ልምምዱን ቤት ውስጥ እንድትሠራ፣ በተለይም በመጨረሻው ላይ ያለውን ዕረፍት እንዳታስቀር አዘዘቻት። በዚያ ዕረፍት ሰው በጀርባው ተንጋሎ፣ እጁን ከጎኑ አሳርፎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ምንም ሳይንቀሳቀስ ትንፋሹን ብቻ ያዳምጣል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወልደ ሰንበት ጫጫ፣ ፀደንያ ገበያ እንደ ሄዱ አልታየች ነጩን ልብስ ለበሰች። ሌሎቹ ሴቶች የላስቲክ ምንጣፍ ሲገዙ እርሷ የመረጠችው ከአንኮበር ያመጣችውን ሰሌን ነበርና እርሱን መሬት ላይ ዘረጋች። ልምምዱን ፈጽማ በጀርባዋ ተኛች። ወለሉ በረዶ ስለ ሆነባት ከጨርቁ የተረፈውን፣ አፊፋ አስረዝማ የቀደደችላትን፣ ከእግሯ እስከ ራሷ ተከናነበች። ከብዙ ቀን በኋላ ልቧ ትንሽ ረጋ አለላት።

ወልደ ሰንበት መደብሩ ውስጥ መቀመጥ አልቻለም ነበር። ሸማች ሲያናግረው አይሰማም፤ እህል ሲመዝን ይሳሳታል። ጥሎ ተመለሰ። በሩን ገፋ ሲያደርግ በሰሌን ላይ፣ በነጭ ጥጥ ተሸፍና፣ ሚስቱን አያት።

«ወይኔ! ወይኔ አልታየች! ሳትነግሪኝ! ሳትነግሪኝ ሄድሽ!»

አልታየች ከጨርቁ ሥር የራሷን ለቅሶ ሰማች። ስሟ ተጠራ፤ ባሏ ደረቱን ሲመታ ተሰማት፤ በዐይኗ ፊት ያለው ነጭ ብርሃን ብቻ ነው። ለአንድ አፍታ የምትፈራው ነገር የደረሰ፣ እርሷም ከወዲያ ማዶ ሆና የምትሰማ መሰላት። ከዚያ የተጣጠፈ ወገቧን ረስታ ተስፈንጥራ ተቀመጠች።

«ማን ሞተ?» ብላ ጮኸች።

ወልደ ሰንበት ወደ ኋላው ተወርውሮ ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

«አንቺ!»

«እኔ?»

«አንቺ ነሽ የሞትሽው!»

ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ ገቡ። ከፊት የነበረችው ሴት ዋይታዋን ጀምራ ሳትጨርስ ቆመች።

«ታዲያ ይቺ የተቀመጠችው ማን ናት?»

ወልደ ሰንበት በጣቱ ወደ ሚስቱ አመለከተ።

«መገነዣሽን ለብሰሽ በሰሌን ላይ ተኝተሽ...»

«የምን መገነዣ? ሱሪ ነው!» አለች አልታየች፤ ተነሥታም በሰው ሁሉ ፊት እግሯን አነሣች። «ይኸው፣ ሁለት እግር አለው! ለወገቤ ነው፤ ለልምምድ ነው! እንዳትስቅብኝ ብዬ ደበቅሁህ!»

ወልደ ሰንበት አልሳቀም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ጎረቤቶቹም አንድ በአንድ እያሉ ወጡ። ከገበያ የተመለሰችው ፀደንያ በሩ ላይ ያገኟትን ሰዎች ስታይ ዘንቢሏን ጥላ ወደ ውስጥ ሮጠች፤ እናቷንም ቆማ አገኘቻት።

ፍርሀቱ በዚህ ያበቃል ብሎ የሚያስብ አንባቢ ተሳስቷል። ሦስቱ ሲቀመጡ አልታየች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«እሺ፣ ጨርቁ ጨርቅ ነው። ሐኪሙ ግን ምን ብሎሃል?»

«የቱ ሐኪም? እኔ ሐኪምሽን አይቼው አላውቅም።»

«ልጅቷን ከደነባ የጠራሃት ለምንድን ነው? አባን ማን ላካቸው? ያን ጨው ለምን በላህ?»

«አፊፋ መገነዣዋን ገዛች ብላ ደውላልኝ ነዋ! ይልቅ አንቺ እውነቱን ንገሪኝ፤ ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ወገቤ ነው አለኝ!»

«እርሱንማ ያኔም ብለሽኛል።»

ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ሁለቱም አይታመኑም። በርኅራኄ የተደበቀ ነገር በተገለጠ ጊዜ ከእርሱ ጋር የሚሄድ ዕዳ አለው፤ ከዚያ በኋላ ግልጹን ቃል የሚቀበል ጆሮ ይጠፋል። የቀረላቸው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። በማግስቱ ጠዋት አብረው ሆስፒታል ሄዱ፤ ተራቸው ሲደርስም አልታየች የባሏን እጅ ይዛ ገባች።

«ዶክተር፣ የነገሩኝን ለሁለታችንም እኩል ይንገሩን። እርሱን አስወጥተው ለእኔ፣ እኔን አስወጥተው ለእርሱ እንዳይነግሩን።»

ሐኪሙ ግር ቢለውም ምስሉን አውጥቶ ሰቀለው። ወልደ ሰንበት ትንፋሹን ይዞ ተጠጋ።

«ይህ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

«የሆድ አየር ነው አባቴ። እርስዎም ቢነሡ ይኖርዎታል።»

«ይህኛውስ?»

«የሱሪ ቁልፍ ነው። የራጅ ሠራተኛው በደንብ አላስወለቃቸውም።»

«እርሷ ሱሪ አትለብስም ነበር!»

«የቀሚሴ ቁልፍ ነው፤ አትከራከር» አለች አልታየች፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያዋ ቁጣዋ ነበረች። ሐኪሙ የጀርባዋን አጥንት እያንዳንዱን በብዕሩ ጫፍ እያሳየ፣ የተጎዳውን የተጎዳ፣ ጤነኛውን ጤነኛ እያለ እስከ መጨረሻው አስረዳቸው። ወገቧ አርጅቷል፤ እርሷ ግን አልታመመችም። ሲወጡ ወልደ ሰንበት መተላለፊያው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ፈቃድ ጠየቃት።

አፊፋ ነገሩን በሰማች ጊዜ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ከጮኸች በኋላ፣ «እንግዲያው ለሚቀጥለው ሸማ እንከራከራለን፤ አፉ ያልሽኝንም መልሼልሻለሁ» ብላ ላከችባት። ነጩ ልብስ በበሬሳ ወንዝ ዳር ታጥቧል፤ ሲታጠብ እየለሰለሰ ሄደ እንጂ ውኃውን ቀለም አልነካውም።

አሁን አልታየች ልምምዱን ጠዋት ጠዋት በባሏ ፊት ትሠራለች። ወልደ ሰንበት ጫጫ ከመሄዱ በፊት በሩ አጠገብ ተቀምጦ ይመለከታታል፤ ስትለጠጥ ይቀልድባታል፤ ሚዛን ስታጣ ይስቅባታል። ወደ መጨረሻው ዕረፍት ስትደርስና በነጭ ልብሷ ተንጋላ ዐይኗን ስትጨፍን ግን ሳቁ ይቆማል። የሐኪሙን ቃል ሰምቷል፤ ምስሉን አይቷል፤ ሆኖም እጁ ጉልበቱን ጨብጦ ይይዛል።

«አልታየች» ይላታል ቀስ ብሎ።

ሣራ በዚያ ዕረፍት መናገርም መንቀሳቀስም ክልክል ነው ብላ አስተምራለች። አልታየች አትናገርም። ዐይኗን እንደ ጨፈነች የቀኝ እግሯን አውራ ጣት ታንቀሳቅስለታለች፤ እርሱም ያን አይቶ ይተነፍሳል፤ ጥቂት ቆይቶም እንደገና ይጠራታል።